ቀጥ አድርገው!

ማይኩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ የስታዲየሙ አፍ፤
ቅያሪ ጠሪ፣ ማስታወቂያ ለፍላፊ፣ ስም ቆጣሪ ለሰልፍ።
"እባካችሁ ተነሡ፣ ለአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት" ብዬ
ስንቱን ሸኘሁት በዚህች ጉሮሮዬ!
ለባለሥልጣን ብያለሁ፣ ለአሠልጣኝ ብያለሁ፣
ጎርፉ በደቻቱ የወረደ ጊዜ ስም ቢበዛብኝ "ለሁሉም" ብያለሁ።

ድሬ ግን ዝም ማለት አትችልም፣ አቦ!
ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ከፀሐይ ወገን አንዱ ያስላል፣
አንዱ በሳቀው ሌላው ይስቃል፣
የባጃጅ ጥሩምባ አጥሩን ዘሎ ይገባል፣
"በረዶ ውሃ!" ባዩ ልጅ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ያልፋል፤
ዳኛውም አንገቱን እንደደፋ ሰዓቱን ያያል።
ደቂቃ የተባለው ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ነው፤
ለትልቁም ሰው ያው ነው።

ሮብሌን ታውቁታላችሁ?
ስሙን የማያውቅ ጀርባውን ያውቃል፤
ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ኋላ እየሄደ፣ ከቆርቆሮ ኖራ እያፈሰሰ ያሰምራል።
ሃያ ስድስት ዓመት።
እናቱ በዝናብ ቀን ወልዳ ሮብሌ አለችው፣ ዝናብ ይዞ የመጣ፤
እሱ ግን ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ይማጸናል፣ "ዛሬ እንኳ አትምጣ!"
አገሩ ሁሉ ለዝናብ ዱዓ ሲያደርግ ብቻውን ለበጋ ይለምናል፣
ቅዳሜ ያሰመረውን እሑድ ጠብታ ያጥብበታል።
ገመድ አይዘረጋም፤ ዓይኑ ነው ገመዱ፤
የማዕዘኑን ቅስት በእርምጃ ነው የሚያውቀው፣ ከልማዱ።
ሆኖም ገና ብቅ ሲል ከፀሐይ ወገን
"ሮብሌ! ቀጥ አድርገው!"
እሱም ሳይዞር፣ ሂዱ እንደማለት፣ በኖራ እጁ አየሩን ይመታው።
መስመሩማ ቀጥ ያለ ነው።
ግን ያለዚያች ቀልድ ጨዋታ አይጀመርም፤
የዳኛው ፊሽካ ከዚያች አይቀድምም።

ረቡዕ ሌሊት ሞተ፣ ሐሙስ ሳይረፍድ ተቀበረ፤
ከሰፈሩ ሰው በቀር ማን ነበረ?
ዓርብ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። "እሑድ ለሮብሌ…" አልኩ።
"ለማን?"
"ለኖራው።"
"ለኖራ አፍሳሽ ሁሉ ከቆምን መቼ ልንጫወት ነው?"
ሻይ መጣ።
ወጣሁ፣ ሻዩን ሳልነካው።

እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ሙቀቱ አናት ላይ ቁጭ ብሏል።
ያሰመረው የእህቱ ልጅ ነው፤ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሯል፤
የመሐሉ መስመር ግማሽ ሲደርስ ወደ ሳቢያን አዘንብሏል።
ሰዉ አየ፤ ሳቀ። "ዋሪያ፣ መስመሩ መርቅኗል!"
"ኧረ ሮብሌ የት ሄዷል?"
"ሮብሌን ጥሩት!"
እጄ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ አለ፤ ማይኩ በርቷል፤
ከአፌ የወጣው ግን፣ "ሮብሌ ሞቷል።"

ተነሡ አላልኩም። ደቂቃ አልሰጠሁም።
ዝምታው ራሱ መጣ፤ ማንም አልጠራውም።
ሳል የለ፣ ሳቅ የለ፤ የበረዶ ውሃው ልጅ ደረጃው ላይ ቆሟል፣
ከባልዲው ጠብ ጠብ የሚለው እኔ ድረስ ይሰማል።
ስንት ሰከንድ እንደሆነ አልነግራችሁም፤
ሰዓቴን አላየሁም።

ከዚያ፣ ከላይኛው እርከን፣ አንድ የተሰነጠቀ ድምፅ፦
"ሮብሌ! ቀጥ አድርገው!"
ቀጠለ ሌላው፣ ከአጠገቡ ያለው፣ ከማዶ ያለው፤
በኦሮምኛ ያለው አለ፣ በሶማሊኛ ያለው አለ፣
አፉ አልታዘዝ ብሎት እጁን ብቻ ያነሣም አለ።
ልጁ ቆርቆሮውን አንሥቶ ተመልሶ ገባ፤
ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ኋላ፣ ኖራው ከእንባው ጋር እየተለቆጠ፣
ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ እየጠበቀ።

እኔ ሕግ አላወጣም።
ግን ከእንግዲህ የሟች ስም ሲሰጠኝ
መጀመሪያ እጠይቃለሁ፦ በቁሙ ምን ትሉት ነበር?
ዝም ትሉት ከነበረ ዝም በሉት፤
ትሰድቡት ከነበረ አንዴ ከልባችሁ ስደቡት፤
ታጨበጭቡለት ከነበረ ዛሬ እጃችሁን አታጣምሩበት።

ጨዋታው ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ፤ አንድ ለዜሮ ተሸነፍን።
ሰኞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ "ያለ ፈቃድ" ይላል፤
ፈርሜ ተቀበልኩ።
መስመሩ እስከ ረቡዕ ነበር።
ረቡዕ ማታ ዘነበ።